ሜታቦሊክ ሲንድሮም በወሎ፦ ለአዋቂዎች የሚመከር የአኗኗር ልማድ

ሜታቦሊክ ሲንድሮም ቦርጭ፣ ግፊት፣ ስኳርና የደም ቅባት መዛባት በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ የሚሰጥ ስም ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ከተገኙ ይበቃል፦ ሰፊ ወገብ፣ ከ130/85 ጀምሮ ያለ ግፊት፣ በባዶ ሆድ ከ100 ጀምሮ ያለ ስኳር፣ ከ150 ጀምሮ ያለ ትራይግሊሰራይድ (አንዱ የደም ቅባት ዓይነት)፣ ዝቅ ያለ «ጥሩ» ኮሌስትሮል። የወገቡ ልክ ላይ ባለሙያዎች አልተስማሙም፤ ለወንድ 94 ሴንቲ ሜትር የሚሉ አሉ፣ 102 የሚሉም አሉ።

ወሎ በመጻሕፍት የሚታወቀው በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ስለሆነ ቦርጭ የእኛ ጉዳይ የማይመስለው ብዙ ነው። ነገሩ ግን ይያያዛል። በማህፀን ወይም በሕፃንነት የተራበ ሰውነት ቆጥቦ መያዝን ይለምዳል፤ በኋላ ምግብ ሲትረፈረፍ ትርፉን ሆድ ላይ ያከማቻል። በራያ ቆቦ የ1977ቱን ረሃብ በልጅነታቸው ባለፉ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ።

ደግነቱ መድኃኒቱ ከወሎ ጓዳ ብዙም አይርቅም። የገብስ ቆሎ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የማሽላ እንጀራ ቃጫቸው ብዙ ነው፤ ስኳርን ቀስ ብለው ይለቃሉ። የኑግ ዘይት ከሚረጋው የፓልም ዘይት ይመረጣል። ችግሩ ያለው ስኒው ውስጥ ነው፦ ሦስት ማንኪያ ስኳር የተጨመረበት ሻይ በቀን አራት ጊዜ ሲጠጣ አሥራ ሁለት ማንኪያ ይሆናል። ቡናውን በጨው የሚጠጣም ያንን ከቀኑ የጨው ድርሻ ይቁጠረው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ኢዱም ፋሲካውም የጋራ በሆነበት በወሎ የግብዣው ቀን እጥፍ ነው፤ ይህ የሚያኮራ ባህል ሳይነካ የሚቀነሰው ለስላሳውና ቅቤው ነው።

በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይመከራል። ለደሴ ሰው ባጃጁን ትቶ ወደ ጦሳ ተራራ የሚያወጣውን ዳገት መያዝ በቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ በወጣ ጥናት፣ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ይህንኑ እየተራመዱ ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስ ሲጥሩ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ወርዷል።

ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል ቢባልም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍም ይነሳል፤ ከጎኑ በሚጠጣው ሻይና ለስላሳ ውስጥ ያለው ስኳር ሳይቆጠር።

የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ረመዳን ወይም ሁዳዴ ሳይገባ ሐኪሙን አግኝቶ ሰዓቱንና መጠኑን ማስተካከል አለበት። ጾም ላይ ሳለ ስኳሩ ከ70 ከወረደ ወዲያው ያፈጥራል።