ስለ መድረክ ብልጭታ የሚባለውና እውነታው

ከሙዚቀኞች ጀርባ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ በቀጥታ ቪዲዮ የሚያጫውቱት ቪጄዎች ብልጭታ ይወዳሉ። ቢወዱም አይገርምም፤ አንድ ነጭ ፍሬም (ቪዲዮው ከሚሠራባቸው ተከታታይ ምስሎች አንዱ) አዳራሹን በሙሉ ቀና ያደርገዋል። ነገር ግን ስለ ብልጭታ ሲነገር የምንሰማው አብዛኛው ነገር ልክ አይደለም።

«በፈጠነ ቁጥር ይደምቃል»

ፍጥነት ጣሪያ አለው። አንድ ብልጭታ ቢያንስ ሁለት ፍሬም ይፈልጋል፤ አንዱ የበራ፣ ሌላው የጠፋ። ስለዚህ በሰከንድ 60 ፍሬም የሚያሳይ ስክሪን ከ30 ብልጭታ አያልፍም፤ ቪዲዮው በ25 ፍሬም ከተሠራ ደግሞ 12.5 ላይ ያበቃል። እዚያ ሳይደርስም ዓይን ብልጭታዎቹን አንድ በአንድ መለየት ያቅተውና የሚያየው የማያቋርጥ መርገብገብ ብቻ ይሆናል። ብልጭታን የሚያደምቀው ከፊቱ ያለው ጨለማ ነው። አራት ምት ሙሉ ስክሪኑን አጥቁሮ አምስተኛው ላይ አንዴ ማብራት፣ ለእኔ ደቂቃ ሙሉ ከማርገብገብ ይበልጣል።

«ቢፒኤሙን ካወቅኩ ከሙዚቃው ጋር ይሄዳል»

ሙዚቃው 128 ቢፒኤም (በደቂቃ 128 ምት) ነው እንበል። በ60 ፍሬም ሲሰላ አንድ ምት 28.125 ፍሬም ይወስዳል። ቪጄው ትርፏን ትቶ 28 ፍሬም ያለው ሉፕ (እየተደጋገመ የሚጫወት ቪዲዮ) ቢሠራ፣ ቪዲዮው በደቂቃ 16 ፍሬም ይቀድማል፤ ያ ከግማሽ ምት በላይ ነው። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ብልጭታው በሁለት ምት መሃል መውደቅ ይጀምራል። መፍትሔው ከዲጄው ወይም ከባንዱ ኮምፒውተር ሚዲ ክሎክ፣ ማለትም የሙዚቃውን ፍጥነት የሚያስተላልፍ ምልክት፣ መቀበል ነው። ከበሮውን የሚመታው ሰው ከሆነና ክሊክ (በጆሮው ምቱን የሚቆጥርለት ድምፅ) ካልሰማ ግን ፍጥነቱ መዋዠቁ አይቀርም፤ ያኔ ምቱን በጣት እየመቱ መከተል የግድ ነው።

«ኤምፒ4 ከሆነ ይበቃል»

ኤምፒ4 በተባለው የቪዲዮ ፋይል ውስጥ በብዛት የሚገኘው የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ፣ ኤች 264፣ ባብዛኛው የሚያስቀምጠው በፍሬሞች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ብልጭታ ላይ ደግሞ ሁሉም ፍሬም የተለየ ነው፤ ቢትሬቱ (በሰከንድ የሚመደበው የዳታ መጠን) ካነሰ ምስሉ ይሰባበራል፣ ወደ ኋላ ሲጫወትም ይንተፋተፋል። ሃፕ ወይም ዲኤክስቪ የተባሉት ማመቂያ ዘዴዎች ይሻላሉ፤ ፋይላቸው ግን ከባድ ስለሆነ ፈጣን ኤስኤስዲ (የፋይል ማከማቻ) ይፈልጋሉ።

«አደጋው የሚጥል በሽታ ላለባቸው ብቻ ነው፤ እነሱም ያውቁታል»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ታኅሣሥ 1997 እ.ኤ.አ. በጃፓን ቴሌቪዥን የታየ አንድ የፖኬሞን ክፍል ውስጥ ቀይና ሰማያዊ በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ተፈራረቁ፤ ከ600 በላይ ሰዎች፣ በተለይ ሕፃናት፣ ሆስፒታል ተወሰዱ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት በሽታው አልታየባቸውም ነበር። ለብርሃን ስሱ መሆናቸውን በመጀመሪያው መንዘፍዘፍ የሚያውቁ ጥቂት አይደሉም።

በጣም አስጊው ፍጥነት በሰከንድ ከ15 እስከ 25 ነው፤ ከ3 በላይ ሁሉ ግን ያሳስባል። ለድረ ገጾች የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም ወሰኑን በሰከንድ 3 ላይ አድርጎታል፤ ደማቅ ቀይን ደግሞ ለብቻው ያስጠነቅቅበታል። ወደ 128 ቢፒኤም ስንመለስ፦ በየምቱ አንድ ብልጭታ በሰከንድ 2.1 ነው፣ ከወሰኑ በታች። በየግማሽ ምቱ ከሆነ 4.3 ይደርሳል፤ አልፏል።

«ዓይን መጨፈን ይበቃል»

ብርሃን የዓይን ቆብን ያልፋል። የሚመከረው አንድ ዓይንን በመዳፍ ሸፍኖ ፊትን ማዞር ነው።

«በር ላይ ማስጠንቀቂያ ከተለጠፈ አለቀ»

በር ላይ የደረሰ ሰው ቲኬቱን ገዝቷል፤ ማስጠንቀቂያው ቲኬቱ ሲሸጥ ይነገር። ቪጄውም ብልጭታ ያላቸውን ክሊፖች በአንድ ሌየር (የምስል ንብርብር) ላይ ሰብስቦ፣ ሌየሩን ባንዴ የሚያጠፋ ቁልፍ ከእጁ አጠገብ ያድርግ።