የግራፊክ ጥበብና የኅትመት ሙያ መሠረታዊ ትምህርት በአዳማ

በአዳማ የኅትመት ሙያ በአብዛኛው የሚለመደው ከማሽን አጠገብ ቆሞ ነው። ጀማሪው ወረቀት በማጠፍና በመደርደር ይጀምራል፤ ሮለር ማጠብ ይቀጥላል፤ ማሽን የሚያስነኩት ከዚያ በኋላ ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ የምትርቀው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑ ለሙያው ጥቅምም ጉዳትም አለው። ወረቀቱና ቀለሙ ከመርካቶ በቀላሉ ይመጣል፤ ትልልቁ ሥራም በዚያው መንገድ ወደ ዋና ከተማዋ ይሄዳል። ያም ሆኖ የንግድና የስብሰባ ከተማ የሆነችው አዳማ ባነር፣ ደረሰኝ፣ የሠርግ ጥሪና ቲሸርት የሚያትም ባለሙያ አታጣም።

የቀደመው ዘመን

የግዕዝ ፊደል በማተሚያ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ በወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። ወደ አካባቢያችን ቀድሞ የገባው ማተሚያ የላዛሪስት ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1863 ገደማ ምፅዋ ላይ የተከሉት እንደሆነ ይነገራል። ለሀገሪቱ ሙያተኛ በማፍራት ረገድ ግን በ1914 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ካቋቋሙት ብርሃንና ሰላም የሚስተካከል የለም። በእርሳስ ፊደል ዘመን ፊደል ለቃሚው እያንዳንዱን ሆሄ ከሣጥኑ እያነሣ በግልባጭ ይደረድር ነበር፤ 231ዱ መደበኛ ሆሄያት፣ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሁሉ የየራሳቸው ማስቀመጫ ያስፈልጋቸዋል።

ኦፍሴት

ኦፍሴት የተባለው የኅትመት ስልት የቆመው ዘይትና ውሃ ባለመዋሃዳቸው ላይ ነው። ፕሌት በሚባለው ስስ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ ጽሑፉ ያረፈበት ቦታ ቅባታማውን ቀለም ይቀበላል፤ ባዶው ቦታ ውሃ ይይዝና ቀለሙን ይመልሳል። ፕሌቱ ወረቀቱን አይነካም፤ ምስሉን በሲሊንደር ላይ ለተጠቀለለው ጎማ ያስረክባል፤ ጎማው ወረቀቱ ላይ ያሳርፈዋል። በዚህም ምክንያት ጽሑፉ ፕሌቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይነበባል፣ ጎማው ላይ ይገለበጣል፣ ወረቀቱ ላይ መልሶ ይቃናል። ውሃው ከበዛ ኅትመቱ ይገረጣል፤ ካነሰ ነጩ ቦታ ይቆሽሻል። ጥሩ ባለሙያ የቀለሙን መወፈር ሮለሩ ከሚያሰማው ድምፅ ጭምር ይለያል፤ ይህ ደግሞ በመጽሐፍ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ባለ ቀለም ሥራ በሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ በማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ)፣ በቢጫና በጥቁር ይታተማል። የሠርግ ጥሪ ካርድ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የሙሽራዋ ፊት የነጥብ ጥርቅም ሆኖ ይገኛል። የየቀለሙ ነጥቦች የሚሰለፉበት ማዕዘን ይለያያል፤ በተለምዶ ሲያን በ15፣ ጥቁር በ45፣ ማጀንታ በ75 ዲግሪ ሲሆን ቢጫ በ0 ወይም በ90 ይቀመጣል። ማዕዘኑ ከተቀራረበ ያልተፈለገ የመረብ ጥላ ይፈጠራል። ቀለሞቹ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢዛነፉ የሙሽራዋ ከንፈር ከቦታው ወጥቶ ይታያል። ደንበኛው በስልኩ ላይ ያየው ደማቅ አረንጓዴ ወረቀት ላይ የሚደበዝዘውም ማተሚያ ቤቱ ቀለም ቆጥቦበት አይደለም፤ ስክሪን የሚያሳየው ብርሃን ነው፣ ቀለም ያን ያህል ሊደምቅ አይችልም።

ወረቀት የሚጠራው በክብደቱ ነው። ባለ 80 ግራም ማለት አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም የሚመዝን ማለት ነው። አንድ የኤ4 ቅጠል 5 ግራም፣ ባለ 500 ቅጠሉ ደስጣ 2.5 ኪሎ ይሆናል፤ ሚዛን ያለው ሰው የገዛው ወረቀት በእርግጥ ባለ 80 መሆኑን በዚሁ ያረጋግጣል።

ነፋሱና ስክሪን ፕሪንት

የአዳማ ነፋስ ለተርባይን ሲሳይ ነው፤ በከተማዋ አቅራቢያ የተተከሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው። ለማተሚያ ቤት ግን ነፋስ ማለት አቧራ ነው። ስክሪን ፕሪንት በፍሬም ላይ በተወጠረ ወንፊታማ ጨርቅ ቀለም አሳልፎ ማተም ነው። በጨርቁ ላይ ብርሃን የሚያጠነክረው ኢሙልሽን ይቀባና በጨለማ ይደርቃል። ምስሉ ያለበት ፊልም ተደርቦበት ብርሃን ሲያገኝ የተሸፈነው ቦታ ሳይጠነክር ይቀርና በውሃ ይታጠባል፤ ቀለሙ የሚያልፈውም በዚያ ነው። ኢሙልሽኑ እርጥብ ሳለ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ካረፈችበት በእያንዳንዱ ቲሸርት ላይ የምትደገም ነጥብ ታወጣለች። ደረቁ አየር ደግሞ ቀለሙን ጨርቁ ውስጥ ያደርቀዋል፤ ወረቀቱንም ጠርዙን ያጥፈዋል። ወረቀት እስከሚታተምበት ሰዓት ከማሸጊያው አይወጣም የሚባለው ለዚህ ነው። ባነር ላይ ነፋስ ማሳለፊያ መቅደድ ይጠቅማል የሚሉ አሉ፤ መቀደዱን ከማፋጠን በቀር ፋይዳ የለውም የሚሉም አሉ።

ፊደልና ኮምፒውተር

ኢትዮጵያዊው ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት ከመግባቱ በፊት በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። የአዳማ ዲዛይነር በዚህ ላይ ሁለት ፊደል መቻል አለበት፤ አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ይጻፋል። ቁቤ የሚረዝመውን አናባቢና የሚጠብቀውን ተነባቢ ስለሚደርብ መስመሩ ከአማርኛው ይረዝማል። ሁለቱን በአንድ ባነር ላይ እኩል ክብር ሰጥቶ ማስቀመጥ የከተማዋ ልጆች በሚገባ የተካኑበት ሥራ ነው።

መደበኛ ትምህርት

የግራፊክ ጥበብን በዲግሪ ደረጃ መማር የሚፈልግ በ1950 ዓ.ም. ወደተመሠረተው፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ወደሆነው የአለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ይሄዳል። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናው በየደረጃው የተከፈለ ሲሆን በማሽን አጠገብ የተማረ ሰውም ለብቃት ምዘና መቅረብ ይችላል።

በልምድ የመጣውን ሰው ችሎታ ቶሎ የሚያሳየው መቁረጫው ነው። እስከ ጠርዝ የሚደርስ ቀለም ያለበት ካርድ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ኖሮት ካልተዘጋጀ፣ ምላጩ ትንሽ በሳተ ቁጥር ዳር ዳሩን ነጭ መስመር ይወጣበታል፤ ሥራው ከእንደገና ይታተማል፣ ወረቀቱም በማተሚያ ቤቱ ኪሳራ ነው።