ኮምፖስት በባህር ዳር ጓሮ

ኮምፖስት የወጥ ቤት ትራፊ፣ አረም፣ ቅጠልና ፍግ አንድ ላይ ተከምሮ ሲበሰብስ የሚገኝ የተፈጥሮ ማዳበሪያ ነው። ባህር ዳር ላይ ጓሮ ያለው ሰው ግብዓቱን አያጣም። የማንጎና የፓፓያ ቅጠል፣ የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ ከግቢው አይጠፋም። የሚቸግረው እበትና ጭድ ነው። እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፤ ጭዱም ለከብት መኖና ለቤት ምርጊት ይፈለጋል።

እዚህ ከተማ የኮምፖስት ትልቁ ጣጣ ውሃ ነው። ዝናቡ በብዛት ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ለወራት ብዙም ጠብ አይልም። ስለዚህ በበጋ ጉድጓድ ይሻላል፤ እርጥበት ይይዛል። ክረምት ሲገባ ግን ያው ጉድጓድ ኩሬ ይሆናል፣ ይገማል፣ ከጎረቤት ያጣላል። ክረምቱን ከመሬት በላይ ከምሮ በሸራ ወይም በሙዝ ቅጠል መክደን ነው የሚያዋጣው። ለመጀመር የሚመቸው ጊዜ መስከረምና ጥቅምት ይመስለኛል። አረሙ ለምለም ነው፣ ገና ዘር አልያዘም፣ ዝናቡም እየወጣ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከሥር አየር እንዲያስገባ የበቆሎ አገዳ ይነጠፋል። ከዚያ ደረቁ (ጭድ፣ የደረቀ ቅጠል) እና እርጥቡ (አረም፣ ልጣጭ) እየተፈራረቀ ይደረደራል፤ በየመሃሉ ፍግና ጥቂት አፈር ይበተናል። ካርቦኑ በብዛት ከደረቁ፣ ናይትሮጅኑ ከእርጥቡ ይመጣል፤ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ያስፈልጋል ይባላል። ጓሮ ውስጥ ይህን የሚለካ የለም፤ ደረቁ ከእርጥቡ በርከት ይበል፣ በቃ። ክምሩ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ሜትር ያህል ካልሆነ ግን በደንብ አይሞቅም።

ዋናው መሣሪያ ዱላ ነው። ክምሩ መሃል አንድ ረጅም ዱላ ተሰክቶ ይተዋል። ከሳምንት በኋላ ይነቀልና ጫፉ በእጅ ይዳሰሳል። ሞቆ ረጠብ ካለ ሥራው እየሄደ ነው። ሞቆ ከደረቀ ውሃ ጠምቶታል። ቀዝቅዞ ከራሰና መጥፎ ከሸተተ አየር አጥሮታል፤ ይገላበጥና ጭድ ይጨመርበት። መሃሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ የአረም ዘር ይሞታል። ዳር ዳሩ ግን እንደቀዘቀዘ ይቀራል። ማገላበጥ ያስፈለገው አንድም ለዚህ ነው፤ ዳሩ ወደ መሃል እንዲገባ።

ሥጋና የዓሣ ትራፊ ክምሩ ላይ አይጣልም። የቆረሶና የአምባዛ አንጀት ለአፈር ጥሩ ምግብ ነው፤ ግን ውሻና ድመት ይጠራል፣ የከተማ ዳር ከሆነ ጅብም አይቀርም። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ለብቻው መቅበር ይሻላል። የባህር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ቶሎ አይበሰብስም። ገራባም (የጫት ትራፊ) ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ጫት ላይ ፀረ ተባይ መርጨት የተለመደ ነው።

የውሃ አረሙ እምቦጭስ? ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ኮምፖስት መሆን ይችላል። ግን ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ መጀመሪያ ጠውልጎ መድረቅ አለበት፣ ብዙ ጭድም ይፈልጋል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ አበባ ሳያወጣ ቢሰበሰብ ይመረጣል። ክምሩም ከሐይቁ ዳርቻ ይራቅ። ከክምር የሚፈሰው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ተመልሶ እምቦጭን ነው የሚቀልበው፤ ትርፉ ድካም ይሆናል።

ጣና ዳር ባለችው ዘጌ ላይ ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ የለም። ምድሩን አለማረስ የቆየ ልማድ ነው፤ የጫካው ቅጠል ቡናው ሥር ወድቆ እዚያው ይበሰብሳል።

በየጊዜው የተገላበጠ ክምር በሁለት ሦስት ወር ሊደርስ ይችላል፤ የተተወው ብዙ ይቆያል። የደረሰ ኮምፖስት ጥቁር ነው፣ አይሞቅም፣ ከዝናብ በኋላ እንደሚሸት አፈር ይሸታል። የሚያጠራጥር ከሆነ አንድ እፍኝ አርጥቦ ፌስታል ውስጥ ማሰር ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ሲፈታ ከገማ ገና ነው፤ ጥሬውን መጨመር ችግኝ ይጎዳል። ለችግኝ ማፍያ አንድ እጅ ኮምፖስት ከሁለት እጅ አፈር ጋር ይቀላቀላል። ለጎመንና ለቃሪያ መደብ ላይ በትኖ ከላይኛው አፈር ጋር ማዋሐድ ይበቃል። ለማንጎና ለአቮካዶ ከግንዱ ራቅ አድርጎ፣ ከቅርንጫፎቹ ጥላ ሥር ይደረጋል። ፀሐይ ላይ ተበትኖ ከዋለ ይደርቃል፣ ናይትሮጅኑም ይባክናል። ደግሞ ዶሮ ካለ ወዲያው አፈር ይልበስ፤ ትሉን ፍለጋ ጭራ ጭራ ትበትነዋለች።