አንድ ድምፅ ለመያዝ ሁለት ሰው ምን ያደርጋል?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮ አለኝ። አምቢየንትና ድሮን የሚባለውን ሙዚቃ ስከፍት የሰማ ሁሉ ያችኑ ነገር ይደግምልኛል። በአብዛኛው አንድ ወይም ጥቂት ድምፆች ለረጅም ጊዜ ሳይቋረጡ የሚያዙበት ሙዚቃ ነው። መልስ መስጠቱ ስለሰለቸኝ እዚሁ ልጨርሰው።

«ለእንቅልፍ ነው።» እንቅልፍ የመጣበት ይተኛ፤ የተሠራው ግን ለመደመጥ ነው።

«ሙዚቀኛው ማቆም አቅቶት ነው የረዘመው።» ርዝመቱ ታስቦበት ነው። የሸክላ አንድ ገጽ ከሃያ ምናምን ደቂቃ ብዙም አያልፍም ነበር። ሲዲ ሲመጣ እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖ በ1985 እ.ኤ.አ. 61 ደቂቃ የሚሄድ አንድ ወጥ ሥራ አወጣ።

«ለእኛ ጆሮ አይሆንም።» በዐቢይ ጾም በገና እየሰማ ያደገ ሰው እንዲህ ሲል ይገርመኛል። በገና ጸሎት ነው፣ ከአልበም ጋር አላወዳድረውም። ግን በአውታሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ የምታመጣውን ያንን ንዝረት በትዕግሥት የሚሰማ ጆሮ አለን።

ደሜን የሚያፈላው ግን ይሄኛው ነው፦ «አንድ ድምፅ ለመያዝ የጋራ አልበም ምን ያስፈልጋል? አንዱ ቁልፉን ተጭኖ ሻዩን ይጠጣ።»

ሁለት ማሲንቆ መቺዎች አንድ ድምፅ ብቻ እንዲይዙ አድርጌ ቀርጫለሁ። ደጋኑ ጫፍ ሲደርስ መመለስ አለበት፤ ሲመለስ ድምፁ ለቅጽበት ይሰበራል። ብቻውን የሚመታ ሰው ከዚህ አያመልጥም። ሁለት ሲሆኑ አንዱ ሲመልስ ሌላው መሀል ላይ ነውና አይቋረጥም። ይህ የሚሆነው ግን ከልብ ከተደማመጡ ብቻ ነው።

ቅኝቱም አለ። አንዱ ጭራ በሰከንድ 220 ጊዜ፣ ሌላው 221 ጊዜ ቢርገበገብ፣ ድምፁ በየሰከንዱ አንዴ ያብጥና ይሟሽሻል። ያን ቀን አንደኛው ማሲንቆ ትንሽ ላላ። ያ ሞገድ ክፍሉን ሲሞላው ሁለቱም እጃቸውን ሳያቆሙ ተያዩ። ከሁለቱ አንዱም ለብቻው ሊያወጣው የማይችል ድምፅ ነበር።

ሮበርት ፍሪፕና ኢኖ በ1973 እ.ኤ.አ. ያወጡት የጋራ አልበምም ይህንኑ ያሳያል። ፍሪፕ ጊታር ይመታል፤ ኢኖ ሁለት የቴፕ መቅጃዎችን ይዟል። አንዱ የቀዳው ክር ወደ ሌላው ይሻገራል፣ ከሰከንዶች በኋላ ይሰማል፣ ተመልሶም ይቀዳል። ፍሪፕ የሚመታው ጓደኛው በመለሰለት ድምፅ ላይ ነው። እዚህ ውስጥ ሻይ የሚጠጣው የቱ ነው?

እናንተም ተጣምራችሁ መሥራት ካሰባችሁ፣ ማን ጎላ ማን ዝቅ እንደሚል ቀድማችሁ ተስማሙ። ጭራ በእርጥበት ይለዋወጣልና በየመሀሉ ቅኝቱን ፈትሹ። የቀረጻችሁትን በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አድርጋችሁ አትላኩ፤ ተጨምቆ ይበላሻል፣ ሳይጨመቅ በፋይል ላኩት። ለማድመጥ ደግሞ በስልክ ስፒከር አትፍረዱ፤ ወፍራሙን ድምፅ አያወጣውም። ኢርፎን አድርጉ፣ ብዙ አታስጩኹት፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳታሳልፉ ስሙት።