የሌቮዶፓ «ኦፍ» ሰዓት ምንድን ነው?

ፓርኪንሰን የተባለው እንቅስቃሴን የሚያዘገይ የአንጎል በሽታ ያለባቸው አንድ አባት ጠዋት ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሲገቡ አስቡ። እግራቸው መሬቱን ይጎትታል፤ ዞር ለማለት ብቻ ስድስት ሰባት ጥቃቅን እርምጃ ይፈጅባቸዋል። ከሦስት ቀን በኋላ ረፈድ ሲል ይመጣሉ፤ ያለ ደጋፊ ከወንበር ተነስተው በሩን ራሳቸው ይከፍታሉ። በሽታው አልለቀቃቸውም፤ ልምምዱም በሦስት ቀን ተአምር አልሠራም። የተለየው የበሽታውን መድኃኒት፣ የሌቮዶፓን ክኒን፣ ከዋጡ የቆየው ጊዜ ነው። ባለሙያዎች የመጀመሪያውን ሁኔታ «ኦፍ»፣ ሁለተኛውን «ኦን» ይሉታል። ስያሜው ከመብራት ማብሪያና ማጥፊያ የተወሰደ ነው፤ ለአንዳንድ ታማሚዎችም ለውጡ እንደ መብራት መጥፋት ድንገተኛ ነው።

በፓርኪንሰን የሚሞቱት ዶፓሚን የተባለውን፣ እንቅስቃሴን ለመምራት የሚያስፈልግ ኬሚካል የሚያመርቱ የአንጎል ሕዋሳት ናቸው። ዶፓሚንን ራሱን መዋጥ አይጠቅምም፤ ከደም ወደ አንጎል አያልፍምና። ሌቮዶፓ ግን ያልፋል፤ ካለፈም በኋላ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ችግሩ ዕድሜው ማጠሩ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ታዲያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቀን ሦስት ክኒን እንዴት ይበቃል? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቤቱ ሮቶ ካለው የቧንቧው መሄድና መምጣት አይታወቅም። በሕይወት የቀሩት ሕዋሳት ሮቶዎቹ ናቸው፤ የተሰጣቸውን አጠራቅመው ቀስ እያሉ ይለቃሉ። ሕዋሳቱ እያለቁ ሲሄዱ ግን ቤቱ በቀጥታ በቧንቧው ይተዳደራል፤ ውሃው ሲመጣ አለ፣ ሲሄድ የለም። «ኦፍ» ማለት ቧንቧው የደረቀበት ሰዓት ነው።

መድኃኒቱ ከእኛ ማዕድ ሩቅ አለመሆኑ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1913 በስዊዘርላንድ ማርከስ ጉገንሃይም የተባለ ኬሚስት ሌቮዶፓን ነጥሎ ያወጣው ከባቄላ ነበር፤ 2.5 ግራም ያህል ቢውጥ ክፉኛ አስመለሰው። እ.ኤ.አ. በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ የተባለ ሐኪም በአሜሪካ መጠኑን ቀስ በቀስ በማሳደግ ታማሚዎች እንደሚንቀሳቀሱ ሲያሳይም ማቅለሽለሹ አልቀረም ነበር። መፍትሔው ካርቢዶፓ ሆነ፤ ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ በመንገድ ወደ ዶፓሚን እንዳይለወጥ ያግደዋል። ሁለቱን አጣምሮ የያዘው ሲኒሜት ስሙን ያገኘው «ያለ ማስመለስ» ከሚል የላቲን ሐረግ ነው። ይህን ሰምቶ ክኒኑን በእሸት ባቄላ ልተካ የሚል እንዳይኖር፤ በአንድ እፍኝ ውስጥ ያለው መጠን አይታወቅም፣ ካርቢዶፓም የለበትም።

ማዕዱ ሌላም ጣጣ አለው። ሌቮዶፓ አንጀትንም ሆነ የአንጎልን በር የሚያልፈው የፕሮቲን ስባሪዎች በሚያልፉበት መንገድ ስለሆነ፣ ከከባድ ምግብ ጋር ሲዋጥ ተጋፍቶ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ እንዲወሰድ ይመከራል። ጾም ነው፣ ሥጋ የለም ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ሽሮውም ምስሩም ፕሮቲን ነው።

ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይህ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይጠቃለላል፦ «የመጨረሻውን ክኒን ስንት ሰዓት ወሰዱ?» የተለመደውን ፈተና እንውሰድ፤ ታማሚው ከወንበር ተነስቶ 3 ሜትር ተራምዶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ሰከንዱ ይቆጠራል። ባለፈው ወር በ«ኦፍ»፣ ዛሬ በ«ኦን» ተለክቶ «ልምምዱ ለውጥ አመጣ» ብሎ መዝገብ ላይ መጻፍ ራስን ማታለል ነው፤ ለውጡ የክኒኑ ሊሆን ይችላል። ከሰከንዱ ጎን ክኒኑ የተወሰደበት ሰዓት ካልተጻፈ ቁጥሩ ብዙም አይናገርም።

ጠንከር ያለ ልምምድ በ«ኦን» ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ ለብዙዎች ይህ ክኒኑ ከተዋጠ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት በኋላ ይጀምራል። ሰውነት ሲታዘዝ ረጅም እርምጃ መለማመድ ይቻላል። ግን በ«ኦን» ብቻ መሥራት በቂ ነው የሚለውን አልቀበልም። ከአልጋ መነሳትና ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት መሄድ የሚገጥሙት መድኃኒቱ በደከመበት ሰዓት ነው፤ መውደቅም እዚያ ያደባል። እነዚህን እንቅስቃሴዎች፣ እግር መሬት ላይ ተጣብቆ ሲቀር በወለሉ ላይ መስመር አስምሮ መሻገርን ወይም በምት ቆጠራ መራመድን፣ በ«ኦፍ» ሰዓትም ማሳየት ያስፈልጋል። ሌቮዶፓ ሲቆሙ የደም ግፊትን ሊጥል ስለሚችል፣ ከመራመድ በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ መቀመጥ ይገባል።

የ«ኦን» ጫፍም የራሱ መልክ አለው። መድኃኒቱ ከፍ ባለበት ሰዓት አንገት፣ ክንድና እግር ያለ ፈቃድ ይወዛወዛሉ። ቤተሰብ ይህን «መንቀጥቀጡ ባሰበት» ብሎ ተርጉሞ ክኒኑን በገዛ ፈቃዱ ሊያቋርጥ ይችላል። ሌቮዶፓን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ ከትኩሳትና ከጽኑ ግትርነት ጋር ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው፤ ባለሙያው በስንት ሰዓት ምን እንዳየ ጽፎ ይላክለት።

ግትር ሰው ሁሉ ሌቮዶፓ ያስፈልገዋል ማለትም አይደለም። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን፣ ለማስመለስ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድም ዶፓሚን የሚያርፍበትን ቦታ ስለሚዘጉ ፓርኪንሰንን የሚመስል ግትርነት ያመጣሉ። ፓርኪንሰን ብዙውን ጊዜ በአንድ ጎን ሲጀምር፣ ይህኛው ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ መያዝ ይቀናዋል። በውሃው ምሳሌ፣ ውሃው አለ፤ የተዘጋው የቤቱ ቧንቧ ነው፤ ስለዚህ ሌቮዶፓ መጨመር እምብዛም አይረዳም።

ከእኛ የሰዓት አቆጣጠር የሚመጣ አንድ ችግር ልጨምር። ልጅ ከዋሽንግተን ደውሎ «ክኒኑ 8 ሰዓት ላይ ነው» ቢል፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ከሆነ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ያለችው እህቱ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ብላ ልትሰማው ትችላለች። በመካከል ስድስት ሰዓት አለ። በመድኃኒት ወረቀቱ ላይ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ»፣ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ መጻፍ ለእኚህ አባት አንድ ሙሉ ጠዋት በእግራቸው እንዲሄዱ ያደርጋል።