ከባድ ሶፍትዌርን ስለማቅለል የሚባለውና እውነታው

«የማይፈለገው ከተደበቀ ይቀላል»

ማይክሮሶፍት ሞክሮታል። ኦፊስ 2000 ብዙም የማይነኩ ትእዛዞችን ከሜኑ እየደበቀ የሚዘወተሩትን ያሳይ ነበር። ሰው ግን ትእዛዝን የሚያስታውሰው በቦታውም ጭምር ነው፤ ትናንት ሦስተኛ የነበረው ዛሬ አምስተኛ ከሆነ ፍለጋው እንደ አዲስ ይጀመራል። በኦፊስ 2007 ሪባን (ትእዛዞችን ከላይ በየክፍሉ ደርድሮ የሚያሳየው ሰፊ ሰሌዳ) ሲመጣ ይህ አሠራር ከዋናዎቹ ፕሮግራሞች ቀረ። የተሻለው ዘዴ አስቀድሞ ተገኝቶ ነበር፦ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ የአይቢኤም ተመራማሪዎች በአንድ የጽሕፈት ፕሮግራም ጀማሪን የሚያሳስቱትን ትእዛዞች ከቦታቸው ሳያነሱ ቆለፏቸው። ሲነኩ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል መልእክት ብቻ ይወጣል። በዚህ የተማሩት ሥራውን ቶሎ ጨረሱ፤ ስህተት ላይ ያጠፉት ጊዜም አነሰ።

«ወደ አማርኛ ከተተረጎመ በቃ»

ቃሉ ቀላሉ ነው። «ሴቭ»ን ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም የማይናገረው አዲስ ቃል ሲተካበት ነው ሰው የሚደናገረው። ጣጣው ያለው ቅጹ ላይ ነው። «የቤተሰብ ስም» ለሚል ሳጥን አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሞላል፤ በኋላ ሰውየው ሲፈለግ አይገኝም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላችሁ ሦስት ሳጥን ስጡ።

ቀን ደግሞ ይብሳል። መስከረም 5 ቀን 2017ን 05/01/2017 ብሎ ቀን ከወር በሚቀድምበት ኤክሴል ያስገባ ሰው የፈረንጆቹ ጃንዋሪ 5 ቀን 2017 ይመዘገብለታል፤ ከእውነተኛው ቀን ከ7 ዓመት ከ8 ወር በላይ ወደኋላ፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ። ወር በሚቀድምበት ኮምፒውተር ጳጉሜን 3 (03/13) ማርች 13 ይሆናል። 13ቱን ወሮች በስማቸው ከዝርዝር አስመርጡ፣ የፈረንጆቹንም ቀን አጠገቡ አሳዩ።

«መመሪያው ሁሉን ይዘርዝር»

ሰው አንብቦ ሳይጨርስ መነካካት ይጀምራል። ርእሱ የሜኑ ስም ሳይሆን የሥራ ስም ይሁን፦ «ደረሰኝ መመዝገብ»። ከየደረጃው በኋላ ስክሪኑ ላይ ምን መታየት እንዳለበት፣ ካልታየም እንዴት እንደሚመለሱ ጻፉ።

«በጣም የሚያውቀው ያሠልጥን»

ሊሆን ይችላል፣ ማውሱን ካልቀማ። እጁ የለመደ ሰው ሦስት ደረጃ ዘሎ «ይኸው» ይላል። ተማሪው በእውነተኛው ዳታ ላይ ሳይሆን በኮፒው ላይ ይለማመድ፤ «ላበላሸው እችላለሁ» የሚል ሰው ምንም አይነካም።

«ለመፈተሽ መቶ ሰው ያስፈልጋል»

ስንት ሰው እንደሚሳሳት በመቶኛ ለማወቅ ከሆነ፣ አምስት ሰው አይበቃም። የት እንደሚደናቀፉ ለማየት ግን ለአንድ ዙር አምስት ይበቃል። የአዝራሩን ስም ሳትጠሩ «ይህን ደረሰኝ መዝግቡ» በሏቸው፤ ሳትረዱ የቆሙበትን ጻፉ፤ አስተካክላችሁ ሌሎች አምስት ጥሩ።