የአንጋፋዎች የስኑከር ውድድር፦ የሚባለውና እውነቱ

ስኑከር በሚወዱ ሰዎች መሀል የአንጋፋዎቹ ውድድር ሲነሳ፣ ወሬው ቶሎ ነው የሚዘጋው። «እሱ እኮ የሽማግሌዎች ጨዋታ ነው» ይባላል፣ አለቀ። እኔ ግን ይህን ውድድር ከልቤ እወደዋለሁ። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ልናገር። ስኑከር ነጯን ኳስ በዱላ እየመቱ ሌሎቹን ኳሶች ጠረጴዛው ዳር ወዳሉት ቀዳዳዎች የማስገባት ጨዋታ ነው። አንዱ ዙር ፍሬም ይባላል፤ ውጤቱም የሚቆጠረው በፍሬም ነው። የዓለም አንጋፋዎች የስኑከር ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1991 ነው። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ጠፍቶ በ2010 ተመለሰ። በ2019 ደግሞ እንግሊዝ ሼፊልድ ወዳለው ክሩሲብል ቲያትር ገባ። ክሩሲብል ማለት ዋናው የዓለም ሻምፒዮና ከ1977 ጀምሮ የሚካሄድበት አዳራሽ ነው። እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው የሚጫወቱት»

አይደለም። በዕድሜ በኩል ለመግባት 40 ዓመት መሙላት ይበቃል። በስኑከር 40 ዓመት ደግሞ ማብቂያ አይደለም። የዌልሱን ማርክ ዊሊያምስን እንይ። በ2015 የአንጋፋዎቹን ዋንጫ ወሰደ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ በ43 ዓመቱ ጆን ሂጊንስን 18 ለ 16 አሸንፎ ዋናውን የዓለም ሻምፒዮና በላ። መጀመሪያ የአንጋፋዎች ሻምፒዮን፣ ቀጥሎ የዓለም ሻምፒዮን! በኋላ በመጣው ደንብ በዋናው ውድድር ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ተጫዋቾች አንጋፋዎቹ ውድድር ላይ እንዳይገቡ የተደረገውም ለዚህ ይመስለኛል። አርባ የሞላው ሰው ሌሎቹን ጠራርጎ ሊወስዳቸው ይችላላ።

«ትዕይንት ነው እንጂ ውድድር አይደለም»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። አዎ፣ አንጋፋ ተጫዋቾች ለተመልካች መዝናኛ የሚጫወቱባቸው ምሽቶች አሉ። ቀልድ አለ፣ ለየት ያለ ምት ይታያል፣ ማን እንዳሸነፈ ማንም አያስታውስም። ሻምፒዮናው ግን ሌላ ነገር ነው። ምን ያህል ሌላ እንደሆነ ለማየት የጂሚ ዋይትን ታሪክ ማወቅ ይበቃል።

ዋይት በዋናው የዓለም ሻምፒዮና ስድስት ጊዜ ለፍጻሜ ደረሰ። በ1984፣ ከዚያም ከ1990 እስከ 1994 አምስት ዓመት በተከታታይ። ስድስቱንም ተሸነፈ። በ1992 ስቲቨን ሄንድሪን 14 ለ 8 እየመራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንድም ፍሬም ሳያገኝ አሥር ተከታታይ ፍሬም ተወሰደበትና 18 ለ 14 ተሸነፈ። የ1994ቱ ደግሞ ይብሳል። 17 ለ 17 ሆነው የመጨረሻው ፍሬም ላይ ደረሱ። ዋይት ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ነጥብ እየሰበሰበ ነበር፣ ዋንጫው እጁ ሊገባ ምንም አልቀረውም። ጥቁሯ ኳስ በቦታዋ ተቀምጣለች። በሕይወቱ ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ ያስገባት ምት ነች። ሳታት። ሄንድሪ ተነስቶ ጠረጴዛውን ጠረገው። ያ ቀን የዋይት 32ኛ የልደት ቀኑ ነበር።

ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ያው ሰው በዚያው አዳራሽ ዳረን ሞርጋንን 5 ለ 3 አሸንፎ የዓለም አንጋፋዎች ሻምፒዮን ሆነ። 57 ዓመቱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ፍጻሜው ላይ የ1997ቱ የዓለም ሻምፒዮን ኬን ዶኸርቲ ገጠመው። ዶኸርቲ 4 ለ 0 መራ፤ አንድ ፍሬም ብቻ ነበር የቀረው። ዋይት አምስት ተከታታይ ፍሬም ወስዶ 5 ለ 4 አሸነፈ። በ2023 ደግሞ በ61 ዓመቱ ደገመው። በ2010 ያገኘው ሲጨመር አራት ዋንጫ ማለት ነው። 4 ለ 0 ተመርቶ የሚመለስ ሰው ለትዕይንት አልመጣም። ዶኸርቲም ቢሆን እንዲህ ያለ ፍጻሜ ከእጁ ሲያመልጥ ቀላል አይሆንለትም።

«ጠረጴዛው ያንሳል፣ ደንቡም ይቀልላቸዋል»

ጠረጴዛው ያው ባለ 12 ጫማው ነው። ኳሶቹም ያው 22 ናቸው፦ 15 ቀይ፣ ስድስት ባለ ሌላ ቀለምና አንድ ነጭ። ቀዳዳዎቹም አልሰፉም። የሚያንሰው የጨዋታው ርዝመት ብቻ ነው። ዋናው የዓለም ፍጻሜ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ 18 ፍሬም ቀድሞ ያገኘ ያሸንፋል። ዋይት ባሸነፈባቸው የክሩሲብል ፍጻሜዎች ግን አምስት ፍሬም ቀድሞ ያገኘ ነበር የሚያሸንፈው። ይሄ ቀላል ያደርገዋል ብላችሁ እንዳትገምቱ። በረጅም ጨዋታ አንድ መጥፎ ሰዓት ቢያልፍባችሁ ማካካሻ ጊዜ አለ። እስከ አምስት ሲሆን ሁለት ስህተት ከሠራችሁ ወደ ቤት ነው።

«እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ነው የሚደክሙት»

አንጋፋ ተጫዋች ሲስት ሁሉም እጁን ነው የሚያየው። በብዛት ግን ቀድሞ የሚያስቸግረው ዓይን ነው። ከአርባ በኋላ የዓይን ሌንስ የመለጠጥ አቅሙን እያጣ ይሄዳል፤ ከቅርብ ወደ ሩቅ ቶሎ ቶሎ መቀያየር ያቅተዋል። ስኑከር ደግሞ የሚጠይቀው በትክክል ይህንኑ ነው። ነጯ ኳስ አፍንጫህ ሥር ናት፣ የምትመታው ቀይ ሦስት ሜትር ርቆ ተቀምጧል፣ ዓይንህ በሁለቱ መሀል ይመላለሳል። ኳሱ ስፋቱ 52.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ጫፉ ትንሽ ከደበዘዘ ማዕዘኑ ጠፋ ማለት ነው።

«ታዲያ መነጽር አያደርግም?» የሚል ይኖራል። ተራ መነጽር አይሠራም። ተጫዋቹ ሲያነጣጥር አገጩን ዱላው ላይ ያስቀምጣል። ፊቱ ወደ ታች ያጎነብሳል፣ ዓይኑ ግን ወደ ላይ ነው የሚያየው፤ በሌንሱ የላይኛው ጠርዝ በኩል ማለት ነው። ተራው መነጽር እዚያ ቦታ ላይ ያለው ክፈፉ ነው። ዴኒስ ቴይለር ያደርገው የነበረው ያ ግዙፍ፣ የተገለበጠ የሚመስል መነጽር የመጣው ከዚህ ነው። ሌንሱ ከቅንድብ በላይ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ አጎንብሶም ቢሆን በመሀሉ ያያል። ብዙ ሰው ስቆበታል። ቴይለር ግን በ1985 ስቲቭ ዴቪስን 18 ለ 17 አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ያንን መነጽር አድርጎ ነው። ያ ፍጻሜ በመጨረሻው ፍሬም የመጨረሻዋ ጥቁር ኳስ ላይ ነው የተወሰነው።

ከዓይን ቀጥሎ ወገብና አንገት አሉ። ለእያንዳንዱ ምት ጎንበስ፣ ቀና። ተቀናቃኝህ ሲጫወት ደግሞ ረጅም ሰዓት ወንበር ላይ ትቀመጣለህ፣ ሰውነትህ ይቀዘቅዛል፣ ድንገት ተነስተህ ከባድ ምት መምታት አለብህ። በሃያ ዓመት ይሄ ምንም አይደለም። በስልሳ ዓመት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

«ቀስ ብለው፣ ተከላክለው ነው የሚጫወቱት»

የመጀመሪያው ሻምፒዮን ማን ነበር? ክሊፍ ዊልሰን። በፈጣንና በአጥቂ ጨዋታው የታወቀ ሰው ነው፤ አይቶ የሚመታ፣ ብዙ የማያስብ የሚመስል። በ1991 በ57 ዓመቱ የአውስትራሊያውን ኤዲ ቻርልተንን 5 ለ 4 አሸነፈ። ዊልሰን ከስኑከር ለብዙ ዓመታት ርቆ ቆይቶ የተመለሰ ሰው ነው። በ1978 የአማተር ዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በዓመቱ ፕሮፌሽናል ገባ። ያኔ 40 አልፎታል። ፍጥነት የባሕርይ ጉዳይ ነው፤ በወጣትነቱ የሚያጠቃ በእርጅናውም ያጠቃል።

«ዞሮ ዞሮ ስም ያላቸው እንግሊዞች ናቸው የሚበሉት»

ይሄን በአጭሩ። በ2018 ያሸነፈው ከጀርሲ ደሴት የመጣው አማተሩ አሮን ካናቫን ነው፤ ፓትሪክ ዋላስን 4 ለ 3። በ2022 ሊ ዎከር ራሱን ዋይትን በፍጻሜ 5 ለ 4 ረታው። በ2024 ዋንጫው ወደ ብራዚል ሄደ፣ በኢጎር ፊጌሬዶ። ማጣሪያው ለአማተር ክፍት ስለሆነ ቀን ቀን ሌላ ሥራ ያለው ሰው የልጅነት ጀግናውን ሊገጥም ይችላል። እኔ ውድድሩን የምወድበት ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው።

«ከሃምሳ በኋላ ዋናው መድረክ ላይ ቦታ የለም»

ታሪኩ ሌላ ነው የሚለው። ፍሬድ ዴቪስ በ1978 በ64 ዓመቱ ለዓለም ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፤ በፔሪ ማንስ የተሸነፈው 18 ለ 16 ነው። በ1984 በ70 ዓመቱ አሁንም ክሩሲብል ላይ ነበር። ሬይ ሪርደን በ1982 ገና 50 እንደሞላው ትልቅ የፕሮፌሽናል ውድድር አሸነፈ፤ በፍጻሜው የረታው ደግሞ የ20 ዓመቱን ጂሚ ዋይትን ነበር። ሮኒ ኦሱሊቫን በ2022 ሰባተኛ የዓለም ዋንጫውን ሲያነሳ 46 ዓመቱ ነበር። ማርክ ዊሊያምስ ደግሞ በ2025 በ50 ዓመቱ ጀድ ትራምፕን በግማሽ ፍጻሜ አስወጥቶ ለፍጻሜ ደረሰ። ቻይናዊው ዣኦ ሺንቶንግ 18 ለ 12 አሸነፈው እንጂ፣ በዕድሜ ትልቁ የዓለም ፍጻሜ ተጫዋች ሆኖ ተመዝግቧል።